ፊልሙን አትቁረጡት፤ አምስት ደቂቃ ተናገሩበት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ አንድ አባት የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩ። በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ለአሜሪካ የነፃነት በዓል፣ ለጁላይ 4 ሰሞን ስለታየው «ያንኪ ዱድል ዳንዲ» ስለተባለው የድሮ ሙዚቃዊ ፊልም ነው የጻፉት። ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው። የስደተኛን ልጅ በነፃ ፖፕኮርን አባብሎ የሰው ባንዲራ ጭፈራ ማሳየት ጭንቅላት ማጠብ ነው። ደግሞ ፊልሙ ውስጥ ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው የሚወጡበት ቦታ አለ፣ እሱ ተቆርጦ መውጣት ነበረበት፣ ካልሆነ ልጆቻችንን አንልክም ይላሉ። እኔም እዚያው አዳራሽ ነበርኩ። ንዴታቸው ይገባኛል፣ ግማሹን እኔም ተናድጄዋለሁ። መደምደሚያቸውን ግን አልቀበልም። በተለይ «ይቆረጥ» የሚለውን።

መጀመሪያ ላላያችሁት ልንገራችሁ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) ፊልሙ የወጣው በ1942 ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ዘፈንና ጭፈራ እንደ ጉድ ነው። የሚተርከው የጆርጅ ኤም ኮኸንን ሕይወት ነው። ኮኸን የአይሪሽ ስደተኞች ዘር ነው፤ ከአባቱ፣ ከእናቱና ከእህቱ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረ መድረክ ላይ ያደገ፣ በኋላ ራሱ ዘፈን ጸሐፊ፣ ተዋናይ፣ ዳንሰኛ፣ የቲያትር ደራሲና ነጋዴ ሆኖ የኒው ዮርኩ የቲያትር መንደር ብሮድዌይ ላይ ለዓመታት የነገሠ ሰው ነው። በ1917 አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ወታደሩ እየዘፈነው የዘመተውን «ኦቨር ዜር» የጻፈው እሱ ነው። በእንዲህ ያሉ የሀገር ፍቅር ዘፈኖቹ የተነሳ የኮንግረስ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል፣ ሜዳሊያውን የሰጡትም ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ናቸው። ኮኸንን ሆኖ የተጫወተው ጄምስ ካግኒ ነው። አዎ፣ የወንበዴ ፊልሞቹ ካግኒ። ያን ሁሉ ሰው በፊልም ደብድቦና ተኩሶ ያላገኘውን ኦስካር በጭፈራ አገኘው።

ፕሮፓጋንዳ ነው የተባለው ልክ ነው። ማን ካደ? ፊልሙ መቀረጽ በጀመረበት ሰሞን ነው ጃፓን ፐርል ሃርበርን የመታችው። ሲወጣ ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ በመክፈቻው ምሽት መግቢያ የሚያገኘው የጦርነት ቦንድ የገዛ ሰው ነበር። የአባይን ግድብ ቦንድ በዘፈንና በእራት ግብዣ መሀል የገዛን ሰዎች ይሄ ነገር እንግዳ ሊሆንብን አይችልም። ካግኒም የራሱ ምክንያት ነበረው። በ1940 ኮሚኒስት ነው ተብሎ ስሙ በኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ተነስቶ ነበር። ነፃ ነህ ተባለ፣ ስሙ ግን አንዴ ተነስቷል። የፊልሙ ሥራ ላይ ወንድሙም ነበረበት፤ ከባንዲራ ፊልም የተሻለ ማጽጃ ከየት ይመጣል?

ታዲያ እኛ ከዚህ ነገር ንጹሕ ነን እንዴ? ሀገር ፍቅር ቲያትር እንዴት ተጀመረ? ጣልያን ሊወረን ሲያኮበኩብ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ በመኮንን ሀብተ ወልድ ጠንሳሽነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቁሞ ነው። ሕዝብ ይሰበሰባል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ይዘፈናል፣ ልብ ይሞቃል። በአሁኑ ቋንቋ ብንለው ያ ምን ነበር? እኔ ያደግሁት ደግሞ በደርግ ዘመን ነው። ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ አታሞው ከሩቅ ሲሰማ እኛ ሕፃናት ምሳችንን ጥለን ነበር የምንሮጠው፤ የእናት ሀገር ጥሪ፣ ዘማች መሸኘት፣ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ወጣቶች፣ እስክስታው ከፉከራው ጋር ተደበላልቆ። ዜማው ዛሬም ከጭንቅላቴ አልወጣም። ያንን ስናይ ያደግን ሰዎች ካግኒ በባንዲራ መሀል ሲጨፍር «ጉድ! ልጆቻችን ሊወሰዱ ነው» ብለን መደንገጣችን ትንሽ ያስቃል። እንዲያውም ይሄን ጨዋታ ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን። ለልጆቹ መንገር የምንችለውም እኛው ነን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይሄ የሰው ባንዲራ ነው የተባለውን ፊልም ማን እንደሠራው ስንቶቻችን አይተናል? የስም ዝርዝሩ ሲመጣ ሁሉም ፖፕኮርኑን ያስተካክላል። ዳይሬክተሩ ማይክል ከርቲስ ነው፣ ቡዳፔስት የተወለደ የሃንጋሪ አይሁዳዊ፤ ሆሊውድ የገባው በ1926፣ ትልቅ ሰው ሆኖ ነው። እንግሊዝኛው እስከ መጨረሻው ድረስ እንደኛው ነበር ይባላል። ጎልማሳውን ሀብታም ቱጃር ሆኖ የሚያስቀን ኤስ ዚ ሳካል ሌላ የሃንጋሪ አይሁዳዊ ነው፣ ከናዚ ሸሽቶ የመጣ። ኩባንያው የዋርነር ወንድማማቾች ነው፤ ከፖላንድ የተሰደደ የአይሁድ ቤተሰብ። ካግኒ ራሱ የኒው ዮርክ ድሃ ሰፈር ልጅ ነው፣ ከጎረቤት ልጆች የተማረውን ይዲሽ (የአውሮፓ አይሁዶችን ቋንቋ) አቀላጥፎ የሚናገር አይሪሽ።

ከሁሉም በላይ ግን ካሜራውን የያዘውን ሰው ተመልከቱልኝ። ጄምስ ዎንግ ሃው ይባላል። ቻይና ተወልዶ ገና በልጅነቱ ነው አሜሪካ የመጣው። ፊልሙ ሲሠራ ሆሊውድ ውስጥ ከታወቁት የካሜራ ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ያን ሁሉ ባንዲራ፣ ያን ሁሉ ሰልፍ፣ ያን ሁሉ ብርሃን ያስተካከለው እሱ ነው። ዜጋ ግን አልነበረም። ስላልፈለገ አይደለም፤ ሕጉ ቻይናውያን ዜግነት እንዳይወስዱ ስለሚከለክል ነው። ያ ሕግ የተነሳው በ1943 መጨረሻ ላይ፣ ፊልሙ ወጥቶ፣ ገንዘቡን ሰብስቦ፣ ኦስካሩን ወስዶ ካለቀ በኋላ ነው። ሚስቱ ነጭ ነበረች፤ ፓሪስ ሄደው ነው የተጋቡት፣ ካሊፎርኒያ ግን ትዳራቸውን አላወቀችውም። እስከ 1948 ድረስ ነጭና እስያዊ መጋባት እዚያ ክልክል ነበር።

እንግዲህ ፍረዱ። ወረቀቱን በመጠበቅ ላይ ያለ አንድ የኛ ልጅ ይሄንን ቢሰማ ጭንቅላቱ የሚታጠብ ይመስላችኋል? እኔ ለአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጄ ስነግራት ስልኳን አስቀምጣ ነው የሰማችኝ። ከልጅ ጋር የምትኖሩ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። «አይናደድም ነበር እንዴ?» አለችኝ። እሱን እኔም አላውቅ። ግን ጥያቄው ከፊልሙ ነው የመጣው፣ ፊልሙ ተቆርጦ ወይም ተከልክሎ ቢሆን አይመጣም ነበር።

ጥላሸቱም እንደዚያው ነው። አዎ፣ የኮኸን ቤተሰብ አራቱም ፊታቸውን አጥቁረው የሚወጡበት አጭር ቦታ አለ። ብልጭ ብሎ ያልፋል፣ ፊልሙም ምንም አይለውም፣ እንደ ማንኛውም የመድረክ ልብስ ነው የሚያሳየው። አዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ወንበሩ ላይ ተንቆራጠጠ፣ እኔ ልጄን አየኋት። ያማል። ግን ቆርጠን ብንጥለው ምን እናተርፋለን? የኮኸን ዘመን መድረክ ንጹሕ ነበር ብለን ልንዋሽ?

እዚህ ላይ የኛ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ፊልሙ ውስጥ የለም። እነዚህ በተቃጠለ ቡሽ ፊታቸውን እያጠቆሩ በጥቁሮች ላይ የሚቀልዱ ነጭ ዘፋኞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ራሳቸውን ምን ብለው ይጠሩ ነበር? ብዙዎቹ «ኢትዮጵያውያን» ነበር የሚሉት። ያኔ በመጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋ ጥቁር ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነውና። በ1844 ኋይት ሐውስ ድረስ ተጠርተው ለፕሬዚዳንት ታይለር የዘፈኑት ሰዎች «ኢትዮጵያን ሰረናደርስ» ይባሉ ነበር፤ ሁሉም ነጮች። ከአድዋ ድል ሃምሳ ዓመት ግድም በፊት በስማችን ኋይት ሐውስ ተዘፍኖ፣ ተጨብጭቦ፣ ተከፍሎበታል። ይሄንን ለልጄ የነገርኳት ያቺ አጭር ቦታ ስላለች ነው። መቀሱን አስቀምጡት እባካችሁ።

በነገራችን ላይ ፊልሙ የሚዋሸው በዚህ ብቻ አይደለም። ኮኸን ጁላይ 4 ነው የተወለድኩት ይል ነበር፣ ፊልሙም እንደዚያው። የክርስትና መዝገቡ ግን ጁላይ 3 ነው የሚለው። ሁለት ሚስት ነበረው፣ ፊልሙ አንዲት ሜሪ የምትባል ፈጥሮ ገላገለው። በ1919 ተዋንያን ሥራ ሲያቆሙ ኮኸን ከቲያትር ባለቤቶች ጎን ቆሞ ማኅበራቸውን ሽንጡን ገትሮ ተዋግቷል፤ እሱም የለም። የሚገርመው ካግኒ ራሱ ፊልሙ በወጣበት ዓመት የፊልም ተዋንያን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል። የማኅበር ጠላትን የማኅበር ሊቀ መንበር ሲጫወተው፣ ሳቅ ነው። ደግሞ አንድ ትልቅ ትርኢት ላይ ጥቁሮች በሊንከን ሐውልት ፊት ቆመው ይዘምራሉ፣ እጅግ ያማረ ነው፤ በዚያው ዓመት ግን የአሜሪካ ጦር ጥቁሩንና ነጩን ለይቶ ነበር የሚያዘምተው። ያ በትእዛዝ የቀረው በ1948 ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ፊልሙ መጥፎ ነው? አይደለም! እዚህ ጋ ነው ከእኚያ አባት ጋር ጨርሶ የምንለያየው። አጠገቤ አንዲት የሰፈራችን እናት ተቀምጠው ነበር፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ለቅዝቃዜው ሲሉ ነው የመጡት፣ ኤርኮንዲሽኑ በነፃ ነውና። እንግሊዝኛ አይሰሙም። ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ እያየሁ ቀስ ብዬ ስተረጉምላቸው ነበር፣ በኋላ ግን «ተይ አንቺ ልጅ፣ እያየሁ ነው» ብለው አስቆሙኝ። ካግኒ እግሩን ገትሮ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ ደረቱን ወደፊት ጥሎ ሲደንስ (ኮኸን እንደዚያ ነበር የሚጨፍረው፣ ካግኒ ያጠናው ነው) «ይሄ ሰውዬ እግሩ እንጨት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ሩዝቬልት ከጀርባቸው ብቻ እየታዩ ሲናገሩ ደግሞ ገረማቸው። «ፊታቸውን ለምን አያሳዩንም?» አሉኝ። ፕሬዚዳንቱ በሕይወት ስላሉ ይሆናል አልኳቸው። አሰቡና «ልክ ነው። እኛስ ጃንሆይን ማን ደፍሮ ይሆናቸው ነበር» አሉ።

ከዚያ ያ የደረጃው ቦታ መጣ። ኮኸን ሜዳሊያውን ተቀብሎ ከፕሬዚዳንቱ ክፍል ይወጣል፣ የኋይት ሐውስን ደረጃ ቀስ ብሎ መውረድ ይጀምራል፣ አንድ ሁለት ደረጃ እንደ ሽማግሌ ይረግጥና ድንገት እግሩ ያመልጠዋል፣ እየጨፈረ ይወርዳል። ሙዚቃ እንኳን በወጉ አልጀመረም፣ የጫማው ድምፅ ብቻ። ማንም አላዘጋጀውም፣ ካግኒ እዚያው ያመጣው ነው ይባላል። እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ውጭ ሲወጣ ወታደሮች «ኦቨር ዜር»ን እየዘፈኑ በመንገድ ያልፋሉ፣ ሽማግሌው ኮኸን ሰልፉ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ወታደር ዘፈኑን የጻፈው እሱ መሆኑን ሳያውቅ «ምነው አባባ፣ ይሄን ዘፈን አያስታውሱትም እንዴ?» ይለዋል። ኮኸን እንባው እየወረደ መዝፈን ይጀምራል። ዞር ብዬ ሳይ እማማም እያለቀሱ ነው። «ወንድሜን እንዲሁ ዘፍነው ነው የሸኙት» አሉኝ። ኦጋዴን። አልተመለሰም። አንድ ቃል እንግሊዝኛ የማይሰሙ ሴት ናቸው እንግዲህ፣ ፊልሙን ከሁላችንም በላይ የገባቸው እሳቸው መሰሉኝ፤ ዘፈኑ ቆንጆ መሆኑም፣ ዘፈኑ የት እንደሚወስድም።

ታዲያ ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ዝግጅቱ ደካማ ነበር። አንድ ሠራተኛ መጣ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ አለ፣ ስልካችሁን ዝጉ አለ፣ ዲቪዲውን ከፍቶ ሄደ። ሲያልቅ መብራት በራ፣ ወንበር ታጠፈ፣ አለቀ። አንድም ሰው ስለ ካሜራ ባለሙያው አልተናገረም። ስለ ጥላሸቱ ማንም አላስጠነቀቀም፣ ልጆች በድንገት ነው ያዩት። እዚህ ላይ የደብዳቤው ጸሐፊ ቢናደዱ አልፈርድባቸውም። ግን መፍትሔው መቁረጥ አይደለም። ከፊልሙ በፊት አምስት ደቂቃ፣ ከፊልሙ በኋላ ለመቆየት ለሚፈልግ ሰው ሩብ ሰዓት። አለቀ። ሰው የለም እንዳይሉ፣ በዚህ አካባቢ ጡረታ የወጣ የኛ መምህር ሞልቷል፤ ቡና ቤት ተቀምጦ ለአራት ሰው የሚያስተምረውን ለአርባ ሰው ያስተምር። እኔ ይሄንኑ በቤተ መጻሕፍቱ የአስተያየት ወረቀት ላይ ጽፌ አስገብቻለሁ። እናንተም ጻፉ፤ እነዚህ ሰዎች ወረቀቱን ያነባሉ፣ ሁለት ሰው አንድ ነገር ከጠየቀ ብዙ ነው ለነሱ።

እግረ መንገዴን ደግሞ የኛም ይታይ ብላችሁ ጠይቁ። ኃይሌ ገሪማ በ1999 የሠራው የአድዋ ዘጋቢ ፊልም አለ፣ ሰውዬው እዚሁ ዋሽንግተን ያለ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው። ለጁላይ 4 የነሱን ካየን ለየካቲት 23 የኛን ቢያዩ ምን አለበት? ግን ዝም ብሎ ከኢንተርኔት አውርዶ መክፈት አይቻልም፣ ይሄንን ማኅበሮቻችን ልብ ቢሉት ጥሩ ነው። ዲቪዲ ገዛህ ማለት ለቤትህ ገዛህ ማለት ነው። ለሕዝብ ለማሳየት ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቤተ መጻሕፍቶች ለፊልም ኩባንያዎቹ ወኪሎች በየዓመቱ እየከፈሉ ነው የሚያሳዩት፣ በዚያ ፈቃድ ውስጥ የሌለን ፊልም ደግሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ ነው። ስለዚህ ቀደም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ የካቲት ገብቶ አይሆንም።

ለእናንተም ለአዘጋጆቹ አንድ ልመና አለኝ። የማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ ኮንሰርት አለ፣ ሠርግ አዳራሽ አለ፣ የትራንስፖርትና የታክስ ሠራተኛ አለ። ቤተ መጻሕፍት የለም። ነፃ ስለሆነ ነው? ፊልም የሚታይበትን ቀንና ሰዓት ብቻ በአንዲት መስመር ብታወጡ እንደ እማማ ያሉ ብዙ ሰዎች ከቤት ይወጡ ነበር። የፊልሙን ስም ላታገኙ ትችላላችሁ፣ እሱን አትፍረዱባቸው፤ የፈቃዱ ውል ብዙ ጊዜ የፊልሙን ስም ከቤተ መጻሕፍቱ ውጭ በጋዜጣ ማስተዋወቅ ይከለክላል። ለዚህ ነው በራሪ ወረቀቶቹ ላይ «ክላሲክ ፊልም» ብቻ የሚባለው። ደውሎ ለጠየቀ ግን ይናገራሉ።

እኔ ለሚቀጥለው ወር ደውዬ ጠይቄያለሁ። ለጋዜጣ እንዳትናገሪ ብለውኛል። ሙዚቃ አለበት፣ እማማም እመጣለሁ ብለዋል።

አንባቢያችሁ
ከሜሪላንድ